ሳስካቸዋን በዋንዛ

መምህርት አስካለች፣ ወረቀት ጠቅልላ፣
ሂርማታ ሱቄ በር፣ ከዝናብ ተጠልላ፣
«አባ ነዚፍ፣» አለች፣ «ይህን በዋንዛ ይሥሩልኝ።
ሁለት ልጆች አሉኝ፣ በጣት የሚያነቡ፤
ክፍሉ ዕጣ ሲያወጣ ካናዳ ደረሰን፣
እነሱም በእጃቸው ከዚህ አገር ይግቡ።»

«ስሙስ?»
«ሳስካቸዋን።»
አፌ ውስጥ ዞረብኝ እንደ ትኩስ ድንች፣
ሳስካ... ቸዋን። «ስምሽን ይመስላል፣ አስካለች።»

ወረቀቱን አየሁ። አራት መስመር ብቻ።
ተራራ አልጋረደው፣ ወንዝ አልጎመደው፣
ሰው በማስመሪያ ነው ከሜዳ የቀደደው።
እኛን ቀበሌ ከቀበሌ የሚለየን አዌቱ ነው፣
ክረምት ጠግቦ ሲወጣ ድንበሩንም ይዞት የሚወጣው።

ደግሞም ታቹ ሰፋ፣ ላዩ ጠበብ ያለ፤
ምድር ድቡልቡል ናት አለችኝ፣
መስመር ከመስመር ጋር ዋልታ ላይ ሊገናኝ ስለማለ።

ሰሜኑን ሻካራ ተውኩት፣ ደንና ሐይቅ ነው ስላለችኝ፤
ደቡቡን አለስልሼ ላግኩት፣ የስንዴ ሜዳ ነው ብትለኝ።
ከታች፣ ለዋና ከተማው፣ ለሬጂና፣
አንዲት ምስማር መታሁ፣ ጣት እንዳትቧጭር አናቷን ሞረድኩና፣
«ማነው የሚያዝበት?» አልኩ።

«አንድ ምክር ቤት አለ፣ ሕዝብ ይመርጠዋል፤
ብዙ ወንበር ያገኘው ወገን መሪ ፕሪሚየር ይባላል፤
ዳኛው ለብቻው ነው።
ደግሞ የንጉሥ እንደራሴ አለ፣ ሕግ ሲጸድቅ ይፈርማል፣
ከራሱ ተነሥቶ ግን እምብዛም አያዝም።»

አሰብኩ። እኛ በርጩማ ሦስት እግር ይበቃዋል።
አራተኛ እግር ጠርቦ፣ መሬት እንዳይነካ አሳጥሮ፣
መፈረሚያ ብሎ መሰካት የምን አናጢ ነው?
ግን ወለሉ የጎረበጠ ቀን፣ ወንበሩ ያዘመመ ቀን፣
እሷ ትይዝ እንደሁ ማን ያውቃል።
ይህን አልነገርኳትም። ሂሳብ ተነጋገርን።

ሰኞ ይዤው ሄድኩ። ሚስኪያ የምትባል ልጅ
ከደቡብ ጀመረች፣ በሌባ ጣቷ፣ ሳትቸኩል።
ምስማሯን አገኘች፣ ዞረቻት፣ ሜዳውን ተሻገረች፤
ምሥራቁ ጠርዝ ላይ፣ ትንንሽ ደረጃው ጋ ስትደርስ ቆመች።
«አባባ፣ እዚህ ጋ እጅዎ ተንቀጠቀጠ?» አለች።
«የእኔ አይደለም፣» አልኩ፣ ቶሎ፣ «የቀያሾቹ ነው።»

ሳቀች። ጣቷ ከጠርዙ ወርዶ ጠረጴዛውን ዳሰሰው።
«ከዚህ ወዲያስ ምንድን ነው?»

«ማኒቶባ፣» አለች መምህርቷ፣ ዞራ እኔን እያየች።
ሱቄ የቀረው ዋንዛ ለአንድ በርጩማ እንኳ አይበቃም።