ተሳቢ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣
ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ ለቅሜ፣
አስተማርሁ። አሁን ግን በጡረታ ዕድሜ
ተሳቢ ልሠራ ነው፣ በሚስማር፣ በኮላ፤
ቮልሴ የምትጎትተው፣ የሁለት ሰው ገላ
ጋደም የሚልበት የጉዞ ከለላ።

ከአይቸው መጋዘን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣
ኮምፔርሳቶው ቆሟል፣ አንዱ ባንዱ ጀርባ ላይ፤
ባለ ሦስት ንጣፍ፣ ባለ አምስት፣ ባለ ሰባት፣
ዋጋው እንደ ነጋዴው የዕለቱ ስሜት።
«አንደኛ ነው ይኼ» ይላል እያሻሸ፣
ፊቱ እንደ ሙሽራ በቅባት የታሸ።
«ማኅተሙን ይዩት» አለኝ፤ አየሁት፤ ፊደሉ ግማሹ ጠፍቷል፤
በጠፋው ግማሽ ላይ ዋጋው ተጨምሯል።
ውስጡን ግን ለቄስ ነው። በጣቴ አንኳኳሁት፤
ጠርዙ ላይ ደህና ነው፤ መሀሉ ላይ ስደርስ ባዶነት ሰማሁት።
እንዲህ ያለ ድርሰት ስንት አርሜያለሁ!
መግቢያው አምሮ፣ መዝጊያው አምሮ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ፤ ድምፁን አውቃለሁ።

ቢያድግልኝ አናጢው፣ በከንፈሩ ሚስማር ነክሶ፣
(አንዳንዱ ቃል ከሚስማሩ ጋር ይቀራል ተመልሶ)
«ቺፑድ ይቅር ጋሼ፤ ውኃ የነካው ለታ
እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ሚስማሩን ይተፋል በሦስተኛው ማታ።
ኤምዲኤፍም ይቅር፤ እሱ ክብደቱ ነው የሚያስፈራው፤
አቀበቱ መሀል ተሳቢው ሳቢ ሆኖ፣ ቮልስዎን ወደ ኋላ ቢመራው፣
በእርስዎ ሰዋስው ያን ጊዜ ስሙ ምን ሊባል ነው፣ ማንስ ሊጠራው?»

ሦስት ቁራጭ ለምኜ ቤቴ ገባሁና፣
ድስት ሙሉ ውኃ ምድጃ ላይ ጣድሁና፣
ቀቀልሁ።
አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት።
አንጓች ከውጭ ገብታ፣ ክዳኑን አንሥታ፣
«ምነው የኔታ፣
ጡረታህ ቢያንስም ጣውላ ነው ዛሬ ራታ?»

አንደኛው፣ መልከ መልካሙ፣ ኮላው ከዳውና፣
እንደ ራሰ ደብተር ገጽ በገጽ ሆነና
ተበተነ።
ሁለተኛው ጎበጠ፤ አልፈረድሁበትም።
ሦስተኛው ግን፣ ያ ከጥግ የጎተትሁት፣ ፈንጣጣ ፊቱ፣
የባሕር ዛፍ ዘር፣ በንጣፎቹ መሀል ኮላው እንደ ኩል የሚታይ ጥቁረቱ፣
እንደገባ ወጣ። እያንጠባጠበ። በቃ።

አንጓች ተቀብላኝ ጎኑን በጥፍሯ ቆጠረች፤
«አንዱ ቁልቁል ተኝቷል፣ የሚቀጥለው አግድም» አለች፤
«ማን አስታረቃቸው?» ደግሞም ሳቀች።
እኔ አልሳቅሁም።
ሐሳባችን ባንድ መስመር ካልተኛ ብዬ ስንት ሌሊት ነው ያኮረፍሁት!
ባንድ መስመር የተኛ እንጨት፣ ባንድ የመጥረቢያ ምት
ለሁለት ሲከፈል ስንት ጊዜ አየሁት፣
እዚሁ ደጃፌ ላይ፣ እኔው እየፈለጥሁት።

ለወለሉ ባለ ዘጠኝ ሚሊ፣ ለግድግዳው ስድስት፣
ለጎባጣው ጣሪያ አራት፣ እሺ ብሎ እንዲታጠፍለት።
ገንዘቤ ለዘጠኙ አልደረሰም፤ አንጓች ከእቁቧ ሞላች፤
«መስኮቱ በኔ በኩል ይሁን» ብቻ አለች፤
«ዘንገና ዳር ስንነቃ ውኃውን ቀድሜ እንዳየው፤
ስንት ጊዜ ባውቶቡስ አልፈነዋል! ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ እኮ ነው ያለው።»

ይኸው ሰኔ ገባ። የጎጃም ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም።
ጠርዝ ጠርዙን ቨርኒሽ አጠጣለሁ፤ እንጨት የሚታመመው ከጠርዙ ነው፤
ሦስተኛ እጅ ነው ይኼ፤ አሁንም ይጠጣል፤ ጥማቱ ገና ነው።
በያጁ ከቮልሷ ኋላ ተንጋሎ ብልጭ ድርግም ይላል፤
«አላለቀም ወይ መምሬ?» ጎረቤት በአጥር ይጠይቃል።
ባለቤት አለች፤ ተሳቢም አለ፤
ማሰሪያው ገና ነው፣ እሳት ላይ ነው ያለ።