የውሰት ትንፋሽ

እሳት ቀላቢ ነበርኩ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አካፋዬን ይዤ፣
በባቡር ሆድ ደጃፍ ጎብጬ፣ ደንዝዤ፣
ቅንድቤን አስበልቼ፣ ላቤን አንጠፍጥፌ፣
አካፋዋ የኩባንያው፣ ጉብጠቱን አትርፌ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ፣
ጥቁር ወንዝ ከሐይቁ በሚገናኝበት፣ ሎሬን ከተማ ዳር፣
የኤሪ በረዶ ጥርሱን እያፋጨ ሲያቃስት በሚያድር፣
መብራት ኃይሉ ግቢ አዲስ ባቡር ገባች።
ድንክዬ። ሆዷ ጋን። ጭስ አልባ። ጸጥ ያለች።

የእሳት በሯን ፈለግሁ፤ ዞርኳት በግራ በቀኝ።
የለም።
«ሽቴፋን» አለ ሚስተር ፕሬንቲስ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ሳያየኝ፣
«እሳት የላትም። ከፋብሪካው ቦይለር እንፋሎት ትጠጣለች፤
አንዴ ከጠገበች፣ ሦስት ሰዓት ትጎትታለች።»
ገባኝ።
እሳት አመድ ወለደ ይባል የለ ሲተረት?
የእኔው እሳት መከነ፤ አመድም አልቀረለት።

አላባረሩኝም። ቧንቧ ያዥ አሉኝ፤ የጡት አባቷ ሆንኩ።
ደክሟት ስትመጣ አፏን ከፍቼ ቧንቧውን አጎረስኩ።
መርፌዋ ከአርባ ተነስታ መቶ ሃምሳን እስክትረግጥ
ቆሜ አያታለሁ፣
ስታቃስት፣ ስትሞቅ፣ ጎኗ በላብ ሲዋጥ።

ነጂዋ ክራልይክ ቃልም እንፋሎትም ቆጣቢ ነው።
«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ ብተርባት፣
«ባያደምቅም ይጎትታል» አለኝ፣ ፉርጎ ቀጥሎባት።

እውነቱን ነው።
እሷ ከሰል ታመጣለች፤ ከሰሉ ውሃውን ያፈላል፤
ቦይለሩ ተርባይኑን ያሾራል፣ የተረፈውን ለእሷ ያጠባል።
ማን እናት፣ ማን ልጅ? እኔ እንጃ።
ከተማው አምፖሉን ሲያበራ ይህን አይጠይቅም፤
የእኛን ሰፈር ሽቦው ዘሎት ያልፋል፣
ጣሪያችን ላይ ያፏጫል እንጂ አይወርድም።
እኛ ኩራዝ ነን፣ ከሐዲዱ ማዶ።

የካቲት። ሐሙስ ሌሊት። ሰማይና ሐይቁ በበረዶ ተሰፍተው፣
የከሰሉ ክምር አለት ሆኖ፣ በዶማ ፈልጠው
ሁለት ፉርጎ ሞሉላት። ጎተራው ግን ባዶ።
መርፌዋ አርባ ላይ ናት። ደንቡ «አርባ ላይ ተመለስ» ይላል።
ክራልይክ ግን ያውቃል፤
ባዶዋን ብትመለስ የምትጠጣው የለም፤ ቦይለሩ እየሞተ ነው።
ሠላሳ። ሃያ። አሥራ አምስት።
በመስኮት በኩል አየሁ፤ አምፖሎቹ ቀልተዋል፣ እንቅልፍ እንዳጣ ዓይን።
ከጎተራው ደጅ ስድሳ እርምጃ ሲቀራት
እፎይ አለች።
ትንፋሿ አለቀ፤ ቆመች።

ጸጥታ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።
ከቫልቩ ጀርባ የሸሸግኳትን አካፋ መዘዝኩ። ማን ፈቀደልኝ? ማንም።
ክራልይክ ባልዲ፣ ጥበቃው ቪልሞሽ የአትክልት ጋሪ፣ ምንም
ሳንባባል፣ ስድሳ እርምጃ፣ ሂድ መልስ፣ በረዶው እስከ ጉልበት፣
ከሰል ተሸከምን፤ እሳቱ እስኪነሳ፣ አምፖሉ እስኪነጣበት።
ቅንድቤን ለእሳቱ መልሼ ሰጠሁት።

ጎህ ሲቀድ ዘጠኝ ሰው ሆነን፣ በብረት ዘንግ፣ በትከሻ፣
ገፍተን አመጣናት። ጠባች፣ ጠባች፣ እስከ መጨረሻ።

በማግስቱ ጋዜጣው፦
«ሲኒማ ቤቱ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ደበዘዘ፤ ተመልካቹ አፏጨ።»
ሌላ ቃል የለውም።
ሚስተር ፕሬንቲስ መጣ፤ አካፋዋን በጫማው ጫፍ ነካ፤
«ይህችን አስረክበህ አልነበር?»
ዝም አልኩት። የባቡሯን ጎን በመዳፌ ዳበስኩ፤
ሞቃለች።

ቅዳሜ ደመወዝ ስቀበል ሰባ አምስት ሳንቲም ጎድሏል።
ወረቀቱ «የአካፋ» ይላል።
ከፈልኩ። አሁን የራሴ ናት፤
ከኩራዙ አጠገብ ሰቅያታለሁ።