አምስተኛው ጥቅል

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከዚራ፣ ጥላ በበዛበት፣
ጣሪያ የሌለው ሲኒማ ነበረ፣ የነጂብ ቤት።
በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ፣ ሃያ አግዳሚ ወንበር፣
ከድሬ ሙቀት የሸሸ ሁሉ እዚያ የሚያድር።

ፊልሙ ከቼኮች አገር መጣ፣ በቆርቆሮ ሣጥን፣
በስጦታ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ በዚያ በደርግ ዘመን።
አምስት ጥቅል ይላል ወረቀቱ፤ የደረሰን አራት፤
አምስተኛውን ወይ ጅቡቲ አስቀርታዋለች፣ ወይ ባሕር፣ ወይ እሳት።

አንድ ልጅ አለበት፣ ጆሮው ሰፊ፣ ጠቃጠቆ የሞላው ፊት፣
በበረዶ ላይ ውሻውን ፍለጋ የሚንከራተት።
በረዶ ያየ አልነበረም ከመካከላችን፤
"ጨው ነው፣ የአፋር ጨው ነው" አለን ጀማል፤ አመንን።

ቼክኛ የሚሰማ የለም። ጀማል ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ
በሦስት ቋንቋ ይዋሻል፣ ከገዛ ልቡ ተርጉሞ፤
ልጁ አፉን ሲከፍት እናቱን በኦሮምኛ ይጠራል፣
ሲያለቅስ ሶማሊኛ፣ ሲቆጣ አማርኛ ያወራል።
ስሙን ማንበብ ስላልቻልን "ቦሩ" አልነው፤ ጸደቀ።
እኛ ስናድግ እሱ ብቻ በዘጠኝ ዓመቱ ደረቀ።

ዐሥራ አንድ ጊዜ አየሁት። ሁሌ፣ አራተኛው ጥቅል ሲያበቃ፣
ውሻ ሲጮኽ ሰምቶ ዞር ይላል፣ ፊቱ ግድግዳውን ሲሞላ — ቃ!
ነጭ ብርሃን። የእሳት እራት። ነጂብም "በሉ ውጡ" ይላል።
"አገኘው"፣ "አላገኘውም" — በደቻቱ አሸዋ ላይ ጥርስ ይወልቃል።

ሠላሳ ምናምን ዓመት። ደቻቱ ሞልቶ ሲኒማውን ወሰደ፤
ጀማል ጅቡቲ ተሻገረ፣ ነጂብም ከዚህ ዓለም ሄደ።
እኔ ሲሚንቶ ፋብሪካ ገባሁ፤ ነጭ አቧራ፣ ነጭ ደረሰኝ፤
አንድ ምድጃ ጠጋኝ ፈረንጅ አበል ሊፈርም መጥቶ አገኘኝ።

መላጣ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፤ ፓስፖርቱ ቮይቴክ ሃቭራኔክ ይላል።
ከግቢ ውሻ ሲጮኽ ዞር አለ፤ ጆሮው ያው ነው፤ ጆሮ መች ይመለጣል?
"ቦሩ!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ገንዘብ ያዡ ብዕሩን ጣለ።
በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስነግረው፣ ተቀምጦ ዝም አለ።

ሰባት ፊልም ሠርቷል፣ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ፤
ትራም ላይ አሮጊቶች ጉንጩን ይቆነጥጡ ነበር፤ ገንዘቡ ለአባቱ።
አንድ ጧት ድምፁ ጎረነነ፤ ስልኩም ዝም አለ አብሮ፤
እንጀራው የምድጃ ጡብ ሆነ፣ በየአገሩ ዞሮ።

"አምስተኛው ጥቅልስ?" አልኩት፤ "ውሻውስ?"
ሳቀ። "እዚያ ውስጥ እኔ የለሁም" አለ።
"በረዶው ቀልጦብን ስንጠብቅ ሌላ በረዶ
ስድስት ሳንቲም አደግሁ፤ እጄ ታየ፣ ከእጅጌው አልፎ ሄዶ።
ሌላ ልጅ አመጡ፤ በጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤
ውሻውን አቅፎ የሚሮጠው፣ ሕዝብ የሚያለቅስለት፣ እሱ ነው።
ስሙን እንኳ አልጻፉትም። እኔ አበባ ተቀበልኩ፤
ተጨበጨበልኝ፤ ጎንበስ ብዬም አመሰገንኩ።"

ቆይቶ፣ "ያኔ ዞር ስል" አለኝ፣ "ምን አልኩ በናንተ ቋንቋ?
ጽሑፉ ላይ ቃል የለኝም፤ አፌን ከፍቼ ዝም ነው፣ በቃ።"
"'ለቀሪው ነገ ኑ' ነው ያልከን፤ ጀማል ነው ያናገረህ፤
እኛም ትኬት እየቆረጥን በነጋታው መጣንልህ።"

ፈረመ። አበሉን ሳይቆጥር ከተተ ወደ ኪሱ፤
"ነጌ ኑ፣ ነጌ ኑ" እያለ ወጣ፣ ለራሱ።