ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ

ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት፣ አያት አደባባይ፣
ገና አልነጣም ሰማይ፣
አምስት ሰው በአንድ ላዳ፣ ጉልበት በጉልበት ላይ።
ሰናይት ጭን ላይ ዕንቁላል፣ በጋዜጣ ጨው፣
ወሰንየለህ ዝም፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው፣
ሚፍታህ ነው የሚያወራው።
ሦስት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ቅዳሜ» ስንባባልበት የኖርነው
የረር፣ ዛሬ ነው።

አራብሳን አለፍን፤ ከዚያ ሁሉ ሕንፃ አንድ መስኮት በርቶ፤
ማን ይሆን? አልኩ በልቤ፣ ልጅ ታሞበት ይሆን፣ ወይ ለሥራ ተነሥቶ?
ጥያቄው ሳያልቅ አስፋልቱ አበቃ፣
«ከዚህ ወዲያ በእግር» አለ ሾፌሩ፣ «የኔ መንገድ በቃ።»

ወረድን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣
በስልካችን መብራት ውርጩ ብልጭ ይላል፣
አንድ ውሻ ይጮኻል፣
ሌላው ይቀበላል፣
የመንደሩ ውሻ ሁሉ ስለኛ ይነጋገራል።

ከጤፉ ክምር ጀርባ አንድ አዛውንት ወጡ፣
ጋቢ እስከ አፍንጫቸው፤ በባትሪ አንድ በአንድ ቆጠሩን፣ አልተቆጡ፤
በኦሮምኛ ጠየቁ፤ ገመቹ ሳቅ ብሎ ተረጐመልን፦
«እላይ ምን ጠፋባችሁ? በሬ ነው አህያ? ነው የሚሉን።»
ምን ይባላል?
ገመቹ ራሱ መልስ ፍለጋ ወደኛ ዞሯል።
«ፀሐይ ልናይ» አላቸው መጨረሻ ላይ፤
እሳቸውም ተገርመው፣ «እዚህ አትመጣም ወይ?»

ከዚያ ዳገት። ዳገት በአፍ ሲወጡት ይቀላል፤
እግር ይበደራል፣
ሳንባ ይከፍላል።
ጠጠሩ ከሥር ከዳን፣ ቁጥቋጦው ሱሪ ያዘ፣
ወሬያችን አጠረ፤ ዐረፍተ ነገሩ ቃል ሆነ፣ ቃሉም ትንፋሽ ሆኖ ፈዘዘ።

ለጫፉ ሩብ ሰዓት ሲቀረው
ሚፍታህ ቁጭ አለ፤ ያ በኳስ ሜዳ የዞረ ጉልበቱ ያዘው።
«ሂዱ» አለ፣ «እዚሁ እጠብቃለሁ።»
ሁላችን ቆምን። ማንም አልተናገረ።
ሰማዩ ግን አይጠብቅም፤ መቅላት ጀመረ።
«እኔ አብሬው እቀራለሁ» አልኩ።
ደግነት አይምሰላችሁ፤ እውነቱን ልናገር፣
እኔም ደክሞኝ ነበር፣
የሚፍታህ ጉልበት ለሁለት ሰው ሰበብ ይበቃ ነበር።

ሦስቱ ወጡ።
ጀርባችንን ለድንጋይ ሰጥተን፣ ከኪሱ አንድ ዕንቁላል አውጥቶ ገመስን፣
ጨው ከሰናይት ጋር ወጥቷል፤ እንዲሁ ጐረስን።
ያኔ ከበታች ሞተር ሲያጓራ ሰማን፤
አውሮፕላን! ከእግራችን ሥር! ጐንበስ ብለን አየን።
ዕድሜ ልኬን አንጋጥጬ ሆዱን ብቻ የማውቀው
ጀርባ ነበረው።
ሚፍታህ እጁን አንሥቶ ሰላም አለው፤
«አያዩህም» ስለው፣
«እኔስ አየኋቸው» አለ፣ ነገሩን እንደ ጨረሰ ሰው።

እነሱ ከላይ ጮኹ፤ ወጣች ማለት ነው።
እኛ የቀረነው
በተራራው ምዕራብ፣ ፀሐይ በሌለችበት፤
ያየነው ጥላውን ነው፤ አራብሳን፣ አያትን ተከናንቦ አድሮ፣
ጠርዙን እየሰበሰበ ወደ እግራችን ሲመጣ፣
እንደ ተባረረ ውሻ ጭራውን ቀብሮ።
በለቀቀው ሰፈር ሁሉ መስኮት ይነድዳል፤
ያቺን የሌሊቷን፣ ብቻዋን የበራችውን፣ ፈለግኳት፤
አሁን ማን ይለያል?

ወረዱ፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣
ስልካቸው በፎቶ ሞልቶ።
«አመለጣችሁ!» አለች ሰናይት፤ አሳየችን፤
ፀሐይዋ የትንሽ ጣት ጥፍር ታህላለች። ሚፍታህና እኔ ተያየን፣
ስለ ጀርባውም ስለ ጥላውም ትንፍሽ አላልን።
ወሰንየለህ ነው፣ ከሌሊት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣
«ጨው አምጥተናል» ያለ፣ የጋዜጣውን ቁራጭ ዘርግቶ።

ስንመለስ፣ ከክምሩ አጠገብ አዛውንቱ ነበሩ፤
ባትሪው ጠፍቷል፤ በጣታቸው እንደገና ቆጠሩ፤
አምስት። አልጎደልንም።
ባዶ እጃችንን አዩና «አርገተኒ?» አሉ፤
ገመቹ አልተረጐመም፤
ለማንም አልጠፋም።
«ኤዬ» አለ ሚፍታህ፣ ከጫፉ ያልደረሰ፣
ከሁላችን ቀድሞ፣ እያነከሰ።