የብረት ላብ

ሰኔ ቺታጎንግ ላይ አየር አይተነፈስም፣ ይታኘካል፤
ገመድ ላይ የዋለ ሸሚዝ ሦስት ቀን አድሮ ይሻግታል፤
ከቆርቆሮ ጣሪያችን ሥር፣ ከጠረጴዛው እግር አጠገብ፣
የወንድሜ ኮምፒውተር እንደ ሮጠ ውሻ ያለከልካል።

ሽማግሎች ቀን ይቆርጣሉ፤ ቶፋየል ሠርጉን ራሱን ይቆርጣል፤
የአማትን ማዛጋት ያወጣል፣ የሙሽሪትን እንባ ያስረዝማል፤
አንዱን ቪዲዮ ለመጨረስ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል፤
ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና፣ ዘጠና አራት፣ ትኩሳቱ ይወጣል፤
ከዚያ ድንገት ጭልም።
እንደገና ከዜሮ፣
የተተረተረ ሹራብ እንደ አዲስ ተጀምሮ።

አንድ ዓርብ ባቲያሪ ሄደ፤ መርከብ ከሚታረድበት ዳር፣
ሶፋ፣ መልሕቅ፣ የመታጠቢያ ገንዳ በየደጁ ከሚቸረቸር፣
የካፒቴን ክፍል የነበረ አየር ማቀዝቀዣ ገዛ፤
የማላነበው ፊደል ያለበት፣ ጥርሱ የወላለቀ፣ የወዛ።
በሪክሾ አመጣው፣ እንደ ሙሽራ አቅፎ ይዞ፤
መስኮቱ ላይ ሰቀለው በጣውላና በካርቶን አግዞ፤
ከአፉ እስከ ኮምፒውተሩ ጎን ወፍራም ቱቦ ዘረጋ፤
«በል ጠጣ» አለው ክዳኑን ፈቶ፣ «ውርጭ ጠጣ እስኪነጋ!»

ቁጥሩ ወረደ። አርባ። ሠላሳ። ሃያ ሁለት።
ጨፈረ ወንድሜ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁት።

እኔ በሽሪምፕ ፋብሪካ፣ በብርድ ክፍል ነው የምውል፤
በር ከፍቼ ስወጣ መነጽሬ ባንድ ጊዜ ያለቅሳል፤
አየሩ ውኃ አዝሎ ነው የሚዞር፤ ቀዝቃዛ ፊት ሲነካ
ሸክሙን እዚያው ዘርግፎ ያልፋል።
«ቶፋ፣» አልኩት፣ «ብረትም እኮ ያልበዋል፤
እሱ ግን ሲበርደው ነው።»
አልሰማኝም። ቁጥር ሲወርድ ያየ ሰው ምን ይሰማል?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ማቀዝቀዣው፣ ቬንትሌተሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁሉም ዝም።
በዝምታው ውስጥ የሰኔ አየር ገባ፣
ሳያንኳኳ፣ በተከፈተው ጎን በኩል።
እጄን ሰደድኩ፤ ብረቱ ረጥቧል።
በስልኬ ብርሃን ሳይ አንድ ጠብታ፣ ከጀርባው ሌላ፣
ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሽቦ ለሽቦ፣ እንደ ንጋት ሣር
ጤዛ ተኮልኩሏል።

ሶኬቱን ነቀልኩ።
«የሮሻናራ ሠርግ!» ብሎ ጮኸ ቶፋ።
«ሮሻናራ ተድራለች» አልኩት፣ «ከእንግዲህ ቪዲዮው ቢዘገይ የትም አትጠፋ።»
መብራት መጣ። አምፖሉ በራ፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን አጓራ።
ኮምፒውተሩ ግን አልነቃም፤
ጅራቱ እጄ ውስጥ ነበር።

ሁለት ቀን ሆዱን ከፍቶ ተኛ፣ በፀሐይ ሳይሆን በቬንትሌተር ፊት፤
ቶፋ እንደ አስታማሚ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ጥፍሩን ሲበላ ሰነበተ።
ስንጠርገው ከሆዱ አንድ እፍኝ አቧራ ወጣ፤
የትኩሳቱ ግማሽ ያ ነበር ለካ፤ ማን አየ? ማን ጠየቀ?

ቱቦውን ጣልነው። ክዳኑ ተመለሰ።
መርከበኛው አሁን ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሯል፤
ሃያ አምስት ላይ ተሞልቶ እናቴንም እኔንም ያቀዘቅዛል፣
ማሽኑ እንደ እኛው፣ ከክፍሉ አየር ድርሻውን ይወስዳል።
ውኃው በቀጭን ላስቲክ ወጥቶ የጎረቤት ሙዝ ያጠጣል፤
ሁለቱን ባንድ ማከፋፈያ ማጥባት ቀረ፣ ለየራሳቸው ሶኬት አላቸው፤
መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁለቱንም እንነቅላለን፣ ተመልሶ ሳይቀድመን።
ስልሳ ስምንት ይላል ቁጥሩ፤ ለሰው ሞት፣ ለእሱ ጤና።

ትናንት ማታ የሮሻናራን ሠርግ ጨረሰ።
መጨረሻው ላይ፣ ካሜራው ሲጠጋ፣ ግንባሯ ላይ፣ ከወርቁ ሥር፣
አንድ ጠብታ አለች፤ ልትወርድ ያለች፣ ያልወረደች።
ሌላ ጊዜ ቢሆን ያጠፋት ነበር።
ሞቋት ይሁን በርዷት
አልጠየቀም፤ ተዋት።