የረቡዕ ከሰዓት

ረቡዕ በሻርለርዋ ትምህርት የግማሽ ቀን ነው፤
ከቀትር በኋላ ልጅ ሁሉ የሚሄድበት አለው።
እኔ የማዘጋጃ ቤቱን ዝርዝር ከትራም ሥራ መልስ ዘርግቼ፣
ከጁዶ እስከ ሥዕል፣ በእርሳስ፣ ወርጄ ወጥቼ፣
“ከስድስት ዓመት ጀምሮ ለልጆች በሙሉ” ይላል፤
“በሙሉ” የምትለዋን አሰመርኩባት። ቀላል
መስሎኝ ነበር።

ጁዶው ሦስት ሳምንት ቆየ። አሰልጣኙ ደግ ሰው ነበር፤
ማኤል ግን ምንጣፉ ላይ ተንጋላ የጣራውን መብራት ስትቆጥር፣
ሌሎቹ እግሯ ሥር ሲወዳደቁ፣
ወላጆች ከአግዳሚው ላይ አፋቸውን ይዘው ሲስቁ።
ዋናው? ፊሽካ አለው። ፊሽካ ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች።
መዘምራኑስ? መሪዋ፣ “የማትናገር ልጅ ምን ትሠራለች?”
አላለችም። እንዲያ ብትል ይሻለኝ ነበር። ያለችው፦
“ስለ እሷ ነው የምንጨነቀው።”
ስለ እሷ ሲጨነቁ፣ ስለ እሷ ሲሉ፣
በሩን ቀስ አድርገው፣ እንዳያስደነግጣት፣ በየተራ ይዘጋሉ።

ለእንዲህ ያሉ ልጆች የተባለ ማዕከል አለ፣ ከሳምብር ወንዝ ባሻገር፤
ወረፋችን መቶ አርባ ሁለት። ሴትዮዋ በስልክ ስትናገር፣
“አይዞሽ፣ ሰው ከተማ ይለቃል” አለችኝ።

እጇን ታራግባለች። ስትደሰትም፣ ሲጨንቃትም።
ስንቱ “ያዥላት” አለኝ! እኔም እንደ ጨርቅ አጣጥፌ
ይዤላታለሁ፣ በሐኪም ቤት፣ በአውቶብስ፣ በጉያዬ አቅፌ፤
አፍሬ።
ይጻፍ፦ አፍሬ።

ከቤታችን ሦስተኛው በር፣ ባለ ቀይ ጡቡ ግቢ፣
ሙሴ ፊርመን፣ የጥንት ከሰል ቆፋሪ፣ የእርግብ መጋቢ።
አንድ ረቡዕ ከአጥሩ ሥር ቆማ፣ አልነቃነቅ አለች።
“ግቡ” አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ገባች።
ዕድሜዋን አልጠየቀ፣ የምርመራዋን ወረቀት፣
ባልዲ ሰጣት። አተር፣ በቆሎ፣ ስንዴ። አንዴ አሳያት፤ አወቀችበት።

ውድድሩ እሑድ ነው። እርግቦቹ በዋዜማው በመኪና
ፈረንሳይ ድረስ ተጭነው ይለቀቃሉ፤ አራት ሽማግሎች ቀና
ብለው ሰማይ ያያሉ።
መናገር ነውር ነው፤ እርግብ ድምፅ ከሰማች አትወርድ።
ወሬኛው ጊስላን እንኳ የከሰል ሳሉን በመሐረብ ያፍናል፣ ፊቱ እስኪነድ።
ዝም ያሉ ሰዎች መሃል ልጄ ዝም ብላ፤
ያስቸገርኩ እኔ ነኝ፤ ስልኬ ጮኸ፤ ተባረርኩ ከበሩ ኋላ።

አመድማዋ ቀድማ ደረሰች። ግን ጣራው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።
የእግሯ ቀለበት ደፉን ካልነካ አይቆጠርም፤ ዘገየች።
አንድ ደቂቃ። ሁለት። ፊርመን የእህሉን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ፣
ማኤል እጇን ማራገብ ጀመረች። እኔ ደግሞ፣ በለመደ እጄ፣ ልነካ፣
ልይዝ ስል፣ ሽማግሌው በክርኑ አገደኝ።

ታራግባለች፤ ጣቶቿ ተዘርግተው፣ ክርኗ ከጎኗ ሳይለይ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አይቼው፣ ለካ ምንም ሳላይ።
እርግቧ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ወረደች።
ትከሻዋ ላይ አይደለም፣ ይህ ተረት አይደለም፤ በቀዳዳዋ ገባች፤
አራተኛ ወጣች።

“እሷ ናት ያወረደቻት!” አልኩት፣ እንባዬን ሳልጠርግ።
“ርቧት ነው” አለ ፊርመን፣ ጥሬውን በልጄ እፍኝ ሲያደርግ።

የክበቡን መዝገብ በኋላ አየሁት። አሥራ ሰባት ስም፤
አሥራ ሦስቱን ሞት ሰርዞታል፤ በሳንባም፣ በዕድሜም።
ከሥር በአዲስ ቀለም፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፦ ማኤል።
“የሥራ ድርሻ” በሚለው ዓምድ ላይ፣ “አውራጅ” ይላል።

ትናንት ከማዕከሉ ደወሉ። ዘጠና ሰባተኛ ደርሰናል።
“ቦታ ቢገኝ፣ ረቡዕ ይመቻችኋል?”
“ረቡዕ አይመቸንም” አልኩ፣ “የእርግብ ኩስ እንጠርጋለን።”
ስማችንን ግን አላሰረዝኩም።
ወረፋ ወረፋ ነው።