ጣሪያና ወለል

አምና ሳጥኖቹን እበረዶው ላይ ነበር ያስቀመጥናቸው፤
«ብርድ ምን ያደርጋቸዋል፣ ሰው አይደሉ» ብዬ።
ብርዱስ አልነካቸውም። የነካቸው ሙቀት ነው፦
ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቀን፣
ሳስካቱን ላይ ፀሐይ ተሳስታ ወጣች፣
አሸንዳው ተንፎለፎለ፣ ግቢው ኩሬ ሆነ፣
አራቱም የመብራት መቆጣጠሪያዎች ውሃ ጠጡና
ጧ! ብለው የሁለት ቤት በዓል ይዘው ጠፉ።

ዘንድሮ ፔትሮ አልጠበቀም።
ጥቅምት ሲጠባ፣ መሬቱ አካፋ እምቢ ሳይል፣
የፈረሰ አጥሩን እንጨት ተሸክሞ መጣ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ፖታሽ ሲቆፍር የኖረ ትከሻ፣
አንደኛው ከሌላው ዝቅ ያለ።
«ጉድጓድ የኔ ነው» አለ።
እኔ የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ፤ ብሎን የኔ ነው አልኩ።

ሁለት ቋሚ፣ ሦስት አግዳሚ።
አሥሬ ለክተህ አንዴ ቁረጥ ይባል የለ?
አሥሬ ለካን፣ ሁለቴ ቆረጥን፣
ያጠረችዋን ጣውላ ሣር ይሸፍናታል ብለን
ከታች አደረግናት።
ከላይ የአሮጌ ጎተራ ቆርቆሮ፣ ዘመም ያለ፣
ጀርባውን ለነፋሱ የሰጠ።
ሳጥኖቹን አፋቸውን ወደ መሬት።

ሽቦውን ቀጥ አድርጌ ልወጥር ስል እጄን ያዘኝ።
«ውሃ ሰነፍ ነው» አለ።
«ሽቦ ተከትሎ ይመጣል፣ ዳገት ግን አይወድም።
እዚህ ጋ ሆድ ስጠው፤ ወርዶ ከዚያ ይውጣ።
ውሃው ሆዱ ላይ ሲደርስ ይታክተዋል፣ ይንጠባጠባል።»
ሆድ ሰጠሁት።
አሥራ ስድስት ሽቦ፣ አሥራ ስድስት ቦርጭ።
ባለቤቴ ትርንጎ በመስኮት አየችና
«ሁሉም አንተን መሰሉ» አለች።

የትኛው የበረንዳው፣ የትኛው የጥዱ እንደሆነ
እንዳይጠፋን ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር ጻፍኩ።
ለምን በግዕዝ እንደጻፍኩ አላውቅም፤
እጄ ቀድሞኝ ፩ አለ፣ ከዚያማ ማን ይመልሰው፣
እስከ ፲፮ ነጎደ።
ፔትሮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለ።
ቆየ።
«ቁጥሮቻችሁ» አለኝ፣
«እያንዳንዳቸው ጣሪያ አላቸው።
ከሥር ደግሞ ወለል።»

እኔ እነዚህን ቁጥሮች ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ፣
በምዕራፍ ራስ ላይ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካሌንደር፤
ያንን ግን አላየሁም ነበር።
ከላይ አንዲት ሰረዝ፣ ከታች አንዲት ሰረዝ፣
መሃል ላይ ቁጥሩ፣ ዝናብ የማይደርስበት።

ሰፈሩ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ማግስት
መብራቱን ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ከተተ።
የቀረነው ሁለት ቤት ነን፤
የሱም ገና የአያቶቹ ነው፣ የኔም።
ቀኑን እሱ ሰባት ይለዋል፣ እኔ ሃያ ዘጠኝ፤
ሌሊቱ አንድ ነው።

በዋዜማው፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣ ስልኬ ጮኸ።
«አንዱ ጠፍቷል። ወርጄ አየሁት፣ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ።»
«የቱ ነው?»
«ስሙን እንጃ። ጣሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ የቆመው።»
ቢጃማዬ ላይ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ፣
በባትሪ አንድ በአንድ ፈለግኩ።
፯ ነበር። እውነቱን ነው፣ ጎንበስ ብሏል።
ሶኬቱ ላልቶ ኖሯል፤ ጠበቅ ሳደርገው ጥዱ ቦግ አለ።
ፔትሮ በመስኮቱ አውራ ጣቱን አነሳ።

ጠዋት ደጁ ላይ፣ ከፖስታ ሳጥኑ በላይ፣
የቤቱን ቁጥር በነጭ ፕላስተር ጽፎ አገኘሁት፦
፪ ፩ ፬።
ሁለት መቶ አሥራ አራት እንዲህ አይጻፍም።
መቶው የለም፣ አሥሩ የለም፤
ሁለት፣ አንድ፣ አራት ብቻ፣
ሦስት ጎረቤታሞች በየራሳቸው ጣሪያ ሥር።
ሰረዞቹን ግን በማስመሪያ ነው ያሰመራቸው፣
ከላይም፣ ከታችም፣ አንዷም ሳትዛነፍ።

አላረምኩትም።
ፖስተኛዋም ደብዳቤውን
ሳትሳሳት አምጥታለታለች።